ሳጥኑ ይውረድ ወይስ ይኑር?

የሞተረኞች ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ሞተር ላይ ስለሚገጠም የዕቃ ሳጥን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ዘንድሮም ያው ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር መልእክት አደርስ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ለመስክ ሠራተኞች ሞተር መንዳት አስተምሬአለሁ። ስለዚህ በሳጥን ጉዳይ የምለው አላጣም። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እዚያው ውስጥ አለና።

ጋሼ፣ ቦክሰር 150 ነው የምነዳው፤ ለድርጅታችን ፈቃድ የወጣላት ናት። ከገርጂ እየተነሳሁ ቦሌ፣ መገናኛና ካዛንቺስ ሰነድ አደርሳለሁ። አምና ለመስክ ሥራ ተብሎ አንድ የኋላ ሳጥንና ሁለት የጎን ሳጥን ተገጠመላት። የመስኩ ሥራ ካለቀ ቆየ፤ ሳጥኖቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ጓደኛዬ «ባዶ ላሜራ ተሸክመህ ትዞራለህ፣ አውልቃቸው» ይለኛል። አለቃዬ ደግሞ «ተዋቸው፣ ያምራሉ» ይላል። ማንን ልስማ? — ከገርጂ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ግማሽ ግማሹን ስማ። የጎኖቹን ዛሬውኑ አውልቅ። የኋላዋ ትቆይ።

ከጎኖቹ ልጀምር። ሜትር ያዝና ከስፖኪዮ ጫፍ እስከ ስፖኪዮ ጫፍ ለካ። ከዚያ ከአንዱ የጎን ሳጥን ጫፍ እስከ ሌላው ለካ። ሳጥኖቹ ከሰፉ ነገሩ አለቀ፣ የከተማ ዕቃ አይደሉም። ባይሰፉም ጣጣ አላቸው። ሞተረኛ በሚኒባስና በሃይገር መሃል ሲገባ ክፍተቱን የሚለካው በመሪው ነው። መሪው ካለፈ ሁሉም ያለፈ ይመስለዋል። ሳጥኖቹን አያያቸውም፤ ከኋላው ናቸው። የተንጠለጠሉትም ዝቅ ብለው ነው፤ ፓራውልትና የእግረኛ ጉልበት በሚያገኙበት ከፍታ። ማታ መገናኛ ላይ «ወራጅ አለ» ተብሎ የሚኒባስ በር ድንገት ሲከፈት አንተ ታጥፈህ ታመልጣለህ። ሳጥኑ ግን አይታጠፍም።

«ባዶ ናቸው እኮ» ትለኝ ይሆናል። ባዶ መሆናቸው ስፋታቸውን አይቀንሰውም። ላሜራ ከሆኑ ደግሞ ባዷቸውንም ይከብዳሉ። ቦክሰርህ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት ይባላል። ይህ ባሕር ጠለል አጠገብ ሲለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። የእሷ ዓይነት ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ እጅህ ላይ ያለው እንግዲህ 9 ወይም 10 ቢሆን ነው። ከዚህ ላይ ለባዶ ላሜራ የሚተርፍ የለም። ነፋሱ በ40 ስትሄድ ብዙም አይሰማህም። ቀለበት መንገድ ላይ ስትለቃት ግን የጎኖቹ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበሉታል፤ የኋላዋ በአብዛኛው ከጀርባህ ተከልላ ነው የምትሄደው። በነዳጅ ላስፈራራህ አልፈልግም፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የማወራው ዳገት ላይ ኢሱዙ ልትቀድም ስታስብ ስለሚጎድልህ ጉልበት ነው።

የኋላዋ ሌላ ጉዳይ ናት። በየቀኑ ትከፍታታለህ። ሰነድ አለህ፣ ዝናብ አለ። ሳጥን ከሌለ ምን ታደርጋለህ? ወይ ቦርሳ ትሸከማለህ፣ ወይ ከመቀመጫው ላይ በካላማዳሪ ታስራለህ። ቦርሳው ከባድ ከሆነ እስከ ማታ ትከሻህን ይበላሃል። የታሰረው ደግሞ ሲፈታ መግቢያው ካቴናው ወይም የኋላ ጎማው ነው። እኔ ከሁለቱም ሳጥን እመርጣለሁ።

ግን እሷም የራሷ ጣጣ አላት። የኋላ ሳጥን የሚቀመጠው ከኋላ ጎማው መሃል ወደ ኋላ አልፎ ነው። እዚያ ላይ የጫንከው ሁሉ የኋላውን ይጫናል፣ የፊቱን ያነሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል መካከል 1.3 ሜትር ያህል አለ እንበል። ሳጥኗ ከኋላ ጎማው መሃል 30 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ብትወጣና 10 ኪሎ ብትጭንባት፣ ከፊት ጎማ ላይ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ይነሳል። ኋላው ላይ ያረፈው ክብደት 12 ኪሎ ከ300 ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህሉን አትሰማውም። 50 ኪሎ ጤፍ ብትጭንባት ግን ከፊት 11 ኪሎ ተኩል ይነሳል። ያን ጊዜ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የፊት ፍሬን ስትይዝ ጎማው ይንሸራተታል። ሰው ከኋላህ ሲቀመጥ ይህን ያህል የማይሆነው ሰውየው ከጎማው መሃል ወደ ፊት ስለሚቀመጥ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብህ ሳጥኗ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ሳጥን አመል አለው፤ ዕቃ ይሰበስባል። የዝናብ ልብስ ትገባለች። ካቻቢቴና ቁልፎች ይገባሉ። ቀጥሎ የአምና ሰነድ፣ ግማሽ የሞላ ዘይት፣ የውሃ ኮዳ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብሎን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉውን ገልብጣት። ውስጧ የነበረውን አንድ ጊዜ የሱቅ ሚዛን ላይ አውጣው፤ ትደነግጣለህ።

ምን ያህል ይበቃል? ጂቪ የሚባለው የጣሊያን ሳጥን ሠሪ ትልልቆቹን የኋላ ሳጥኖቹን ከ10 ኪሎ በላይ አትጫኑባቸው፣ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይም አትንዱባቸው ይላል። ድርጅቱን በ1978 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ጁሴፔ ቪዜንዚ ራሱ የሞተር እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነበር፤ የኋላ ክብደት መሪ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ያንተ ሳጥን ከመርካቶ የተሠራች ከሆነች ምልክት የለባትም። እኔ ለእንዲህ ዓይነቷ ከ5 ኪሎ እንዳታልፍ እላለሁ። ሰነድና የዝናብ ልብስ በዚህ ውስጥ በደንብ ይገባሉ።

ከበድ ያለ ነገር ስትጭን የኋላ ጎማውን ነፋስ አስጨምር። የሞተሯ መመሪያ ላይ ብቻህን ስትሆንና ሰው ስትጭን ተብሎ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ ሁለተኛውን ውሰድ። የኋላ ሾኮቹ ባለ እርከን ከሆኑ አንድ እርከን አጥብቅ። ማታ ደግሞ ግድግዳ ፊት አቁመህ የፊት መብራቱን እየው። ኋላዋ ሲጎብጥ መብራቱ ወደ ላይ ይነሳና ከፊትህ የሚመጣውን ሹፌር ዓይኑን ያጠፋዋል። በመብራቱ ፈንታ የሚሰድበው አንተን ነው።

አንድ ምልክት ልንገርህ። ጋዝ ለቀህ ከ70 ወደ 50 ስትወርድ መሪው እጅህ ውስጥ ቀለል ብሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሳጥኗን አቅልልና ድጋሚ ሞክር። ከቀረ ጥፋቱ የክብደት ነው። ካልቀረ ጎማውን፣ ቀጥሎ የመሪውን ኩሽኔታ ባለሙያ ይይልህ። እጅህን ለቅቀህ ግን እንዳትሞክር፤ ወጣቶች ለቪዲዮ ሲሉ ያደርጉታል።

ፖርቶ መጋላው፣ ሳጥኗ የምታርፍበት ብረት፣ እንዴት ነው የታሰረው? ሻንሲው ላይ በብየዳ ከሆነ አልወደውም። የአንድ ፒስተን ሞተር ንዝረት አለው፤ ኮብልስቶኑ ይጨምርበታል። ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከብየዳው ጎን ነው፤ ብረቱ እዚያ ጋ በሙቀት ባሕርዩን ቀይሯል። ፋብሪካው የኋላ መያዣውንና የሾኩን ራስ ያሰረበት ብሎን አለ፤ እሱን ተጠቅሞ የሚታሰር ፖርቶ መጋላ አሠራ። ዳዶዎቹ ውስጣቸው ፕላስቲክ ያለባቸው ይሁኑ፤ በንዝረት ቶሎ አይፈቱም። ያም ሆኖ በእጅህ እያወዛወዝክ ፈትሻቸው።

አወጣጥህንም አስተካክል። ሳጥን ያላት ሞተር ላይ እግርህን ከኋላ አዙረህ መውጣት የለም፤ ጫማህ ሳጥኗን ይመታና ሞተሯ ልትወድቅ ትችላለች። ጉልበትህን አጥፈህ እግርህን በመቀመጫው ላይ አሳልፍ። ሰው ስትጭን ደግሞ መጀመሪያ አንተ ውጣ። የተጫነው ሰው ሳጥኗን ለጀርባ መደገፊያ ብቻ ይጠቀምባት፤ ተዘርግቶ ከተኛባት ያችን ፖርቶ መጋላ ነው የሚያጎብጣት።

አለቃህ «ያምራሉ» ያለው ነገር ላይ አንድ እውነት አለ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ ሞተር ላይ ገደብ ስትጥል ምክንያቱ በሞተር እየመጡ ቦርሳና ስልክ የሚነጥቁ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሞተር ሲያይ ይጠራጠራል። የድርጅት ስም የተጻፈባት ሳጥን ያላት ሞተር የሥራ ሞተር ትመስላለች። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ፈቃድህን ይዘህ መሄዱን አይተካም። ለዚህም ቢሆን አንዷ የኋላ ሳጥን ትበቃለች።

የባለ ኤሌክትሪክ ስኩተር ባለቤት ነኝ፣ መምህርት ነኝ። ከኋላዋ ቁልፍ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ላፕቶፔንና የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት እዚያ አስቀምጬ ገበያ እገባለሁ። ባለቤቴ «አንድ ቀን ይወስዱልሻል፣ በየቀኑ ነቅለሽ ወደ ቤት አስገቢው» ይለኛል። መንቀሉ ሰለቸኝ። — ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ሳጥኑ እንዳለ ይሁን፣ ላፕቶፑ ግን ካንቺ ጋር ይሂድ። የእነዚህን የፕላስቲክ ሳጥኖች ቁልፍ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ይከፍተዋል። መቆለፉ የሚጠቅመው አላፊ አግዳሚው እንዳይነካካው ነው። አስቦ የመጣውን ሌባ አያቆመውም። እንዲያውም በአንድ ቁልፍ የሚነቀል ሳጥን ከሆነ፣ ሌባው ከፍቶ አይደክምም፤ ከነሳጥኑ ይዞት ይሄዳል።

እኔ የምከተለው ልማድ አለኝ፤ ቢጠፋ እንቅልፍ የሚነሳኝን ነገር እዚያ አልተውም። የዝናብ ልብስ፣ ጓንት፣ ሄልሜት፣ ሽንኩርት ይቀመጥበት። የፈተና ወረቀት ግን አይሆንም። ላፕቶፕ ቢጠፋ ይገዛል፤ ያልታረመ ፈተና ቢጠፋ ለተማሪዎቹ ምን ትያቸዋለሽ? ላፕቶፑን ሳጥን ውስጥ ይዘሽ የምትሄጂበት ቀን ቢኖር ከሥርና ከጎን ስፖንጅ አድርጊለት፣ ቁመቱን ይዞ ይቀመጥ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ንዝረት ከመቀመጫሽ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ክዳኑ «ቋ» ብሎ ስለተዘጋ ተቆለፈ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሳጥን ቁልፉ ካልዞረ ጉብታ ላይ ይከፈታል። መንገድ ላይ የተበተነ ወረቀት ያየሽ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው። ከመነሳትሽ በፊት ክዳኑን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሳቢው።

ባለቤትሽን ደስ ለማሰኘት ከፈለግሽ ማታ ማታ ንቀዪው። ቀን ቀን ግን ይተውሽ።

ለጤና ሥራ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እወጣለሁ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ያማሃ ኤጂ 200 ነው። የክትባት ማጓጓዣ ሳጥን ከኋላ እጭናለሁ፤ በጎን ደግሞ የአሉሚኒየም ሳጥኖች አሉት። ከተማ ስሆን የጎኖቹን ላውርዳቸው ወይ ብዬ ነበር የምጠይቀው፤ ወጣቶቹ ግን ገጠርም አያስፈልጉም ይላሉ። — ከደቡብ ወሎ

ወጣቶቹ ልክ ናቸው። እርስዎ ግን የከተማውን ጠይቀው የገጠሩን ሊያልፉት ነበር፤ አደጋው ያለው ገጠሩ ላይ ነው።

ጭቃ ወይም ድንጋይ ላይ ሞተሩ ሲያዘነብል ምን ያደርጋሉ? እግርዎን መሬት ያስነካሉ። ሞተሩ ግን ወደ ፊት መሄዱን አላቆመም። እግርዎ ባለበት ይቀራል፣ የአሉሚኒየሙ ሳጥን ከኋላ ይመጣና ባትዎን ይመታል፤ ሲብስም እግሩን ከሥሩ ያስገባዋል። በዚህ ዓይነት እግር ይሰበራል። በጠፍጣፋ አስፋልት ብዙ ርቀት ለሚጓዝ ሰው ጠንካራ የጎን ሳጥን መልካም ነው። ለእርስዎ መንገድ ግን ከሸራ የተሠራ የጎን ቦርሳ ይሻላል። ሲመታም ይታጠፋል፣ ሞተሩ ሲወድቅም አይጨራመትም።

ኤጂ የተሠራው ለእርሻ ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በፊትም በኋላም መጫኛ አለው፣ መቆሚያውም በግራና በቀኝ ነው። ተዳፋት ላይ ሲያቆሙ ሞተሩ ተደላድሎ የሚያርፍበትን መቆሚያ ይምረጡ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም በግራው ብቻ ያቆማል። የጎኖቹ ሳጥኖች ከወረዱልዎ ቀለል ያለውን ዕቃ ከፊት፣ የክትባቱን ሳጥን ከኋላ ያድርጉ።

የክትባቱን ሳጥን ግን ሁልጊዜ ተጭኖ እንዲኖር አያድርጉት። ሥራው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መጠበቅ ነው፤ ባዶውን ፀሐይ ላይ የዋለ ሳጥን በረዶውን ቶሎ ያሟሟዋል። የክዳኑ ላስቲክም በንዝረትና በአቧራ ይበላሻል። ሲመለሱ አውርደው አጥበው ክዳኑን ከፍተው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ሲጭኑት በሁለት አቅጣጫ ይታሰር፤ አንዱ ማሰሪያ ቢለቅ ሌላው ይይዛል።

ሎንደን ነው ያለሁት። ሲቢቲ፣ ማለት የጀማሪ ሞተረኛ የሥልጠና ማረጋገጫ፣ ይዤ በ125 ሲሲ ስኩተር ምግብ አደርሳለሁ። ያን ትልቁን የምግብ ሳጥን በእረፍት ቀኔም አላወርደውም። የአበሻ ጓደኞቼ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ሳቁን እችለዋለሁ፤ ግን ነፋስ ሲነሳ ይወዘውዘኛል። ኢንሹራንሱስ? — ከሎንደን

ይሳቁ፤ የሚበላ ያመጣህላቸው መስሏቸው ይሆናል። ነፋሱ ግን የሚያስቅ አይደለም። ያ አራት ማዕዘን ሳጥን ከራስህ ቁመት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ከጎን የሚመጣ ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ በተለይ የቴምዝ ድልድዮች ላይ። ሥራ በማትሠራበት ቀን አውርደው። በሱ ፈንታ ሄልሜት የምትይዝ ትንሽ ሳጥን ትበቃሃለች።

ለሥራ ቀን ግን ከገርጂው ወንድማችን ሒሳብ አንተ የምታገኘው ነገር አለ። ሲቢቲና ኤል የሚለው የለማጅ ሰሌዳ ያለው ሞተረኛ ሰው መጫን አይፈቀድለትም። እንግዲያው የኋላ መቀመጫህ ባዶ ነው። ሳጥኑን ከጅራቱ ላይ አንስተህ ወደ መቀመጫው አምጣው። ክብደቱ ከኋላ ጎማው መሃል ወደ ፊት ይገባል፣ የፊት ጎማህ መሬት ይይዛል። የሚያስርልህ ጥሩ ባለሙያ ይሁን፤ በገመድ ብቻ አይሆንም። ሲቢቲህ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ ቀኑን እየው። ሙሉ ፈቃድ አውጥተህ ሰው መጫን ስትጀምር ሳጥኑ ተመልሶ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያኔ ደግሞ አነስ ያለ ሳጥን ፈልግ።

ኢንሹራንሱን በሁለት ክፈለው። ተራው ኢንሹራንስ ተከፍሎህ ምግብ ስታደርስ አይሸፍንህም፤ ለማድረስ ሥራ የሚሆነው ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ይህ ሳጥን ኖረም አልኖረም ነው። ሁለተኛ፣ ሳጥንና ፖርቶ መጋላ ማስገጠምን እንደ ለውጥ የሚቆጥሩ ድርጅቶች አሉ። ደውልና ንገራቸው፤ መልሳቸውን በኢሜይል እንዲልኩልህ ጠይቅና አስቀምጠው።